የላምበረቷ ድምፅ እንጦጦ ላይ

ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ሁሉ ዘርትሁንን ያውቃታል፤ መልኳን ግን አይቶት አያውቅም። ከትኬት መስኮቶቹ በላይ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ለመቆም በሚገደድባት ጠባብ የመስታወት ክፍል ተቀምጣ የደሴውን፣ የወልዲያውን፣ የመቀሌውን መኪና ስትጠራ የኖረችው እሷ ናት። አውቶቡስ ተራ ጀምራ፣ ላምበረት ሲከፈት ተዛውራ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በድምፅ ማጉያ ተናግራለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን "መኪናው ቀርቷል" ብላ አታውቅም። ጎማው የፈነዳበትም፣ ሾፌሩ የታመመበትም፣ መንገድ የተዘጋበትም በእሷ አፍ አንድ ነበር፤ "ክቡራን ተሳፋሪዎቻችን፣ የወልዲያ መኪና ዘግይቷል እንጂ አልቀረም።" ይህን የሰማ መንገደኛ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ ሻንጣው ላይ ተመልሶ ይቀመጣል።

የዚያች ክፍል ማይክሮፎን አንዲት ቀይ ቁልፍ ነበረችው። አውራ ጣት ሲያርፍባት መናኸሪያው በሙሉ ይሰማል፤ ጣት ሲነሳ ማይክሮፎኑ ይዘጋል። በዚህ ምክንያት ዘርትሁን ሁለት ነበረች። አንደኛዋ ቁልፏን ተጭና "ክቡራን ተሳፋሪዎቻችን" የምትለዋ ጨዋ ሴት ናት። ሁለተኛዋ ጣቷን እንዳነሳች "ይሄ ሾፌር ደግሞ ዛሬም የት ተወትፎ ይሆን? አንቺ ሴትዮ፣ ልጁን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው እንጂ፣ ሊወድቅ እኮ ነው!" እያለች በመስታወቱ ውስጥ ሆና ከማይሰማት ሕዝብ ጋር ቀኑን ሙሉ የምትጨቃጨቀው ናት። ሁለተኛዋን የሚያውቋት የሥራ ባልደረቦቿ ብቻ ነበሩ። አብልጠው የሚወዷትም እሷን ነበር።

ስድሳ ዓመት ሲሞላት ጡረታ ወጣች። አጨበጨቡላት፣ ጋቢ አለበሷት፣ ሸኟት። በማግስቱ ሲግናል ሰፈር ካለው ቤቷ ከእንቅልፏ ስትነሳ ግን የምትጠራው መኪና አልነበረም። ልጆቿ አድገው በየትዳራቸው ናቸው። ጎረቤት ቡና ላይ ስትጫወት ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ስለማትችልበት "ኧረ ቀስ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማን" ይሏታል። ከፋት፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ከፋት። "ጉልበቴ ቢደክም አልፈርድም፤ ድምፄ ግን ምን አጥፍቶ ነው ቤት የሚቀመጠው?" አለቻት አንድ ቀን እህቷን።

ሔራን የምትባል ልጅ ያገኘቻት መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ዝናብ መጣል ጀምሮ ሰው ተራ እየጣሰ ሲጋፋ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። ጩኸት አልነበረም። "የሲኤምሲ ተሳፋሪዎች፣ በግራ በኩል አንድ መስመር። ሕፃን የያዛችሁ ወደ ፊት።" መቶ የሚሆን ሰው ማን እንዳዘዘው ሳይጠይቅ ተሰለፈ። ተራ አስከባሪው ራሱ ተሰለፈ። ሔራን ሲኤምሲ ያደገች፣ ፊልም የተማረች የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። ያንን ድምፅ ያወጣችውን ሴት ዞር ብላ ስታይ ነጠላዋን በፌስታል የሸፈነች ጠይም፣ ደልደል ያለች ወይዘሮ ሆና አገኘቻት። ተራዋን ለቃ ወደ እሷ ሄደች።

"ይቅርታ እትዬ፣ ማንበብ ይወዳሉ?"

"መነጽሬን ከያዝኩ። ምነው ልጄ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት አገሮች ለልጆችና ለወጣቶች የሚሠሯቸውን ፊልሞች የሚለዋወጡበት አንድ ኅብረት አለ። የአንዱ አገር ልጅ የሌላው አገር ልጅ እንዴት እንደሚስቅ፣ በምን እንደሚያኮርፍ፣ ትምህርት ቤት በምን እንደሚሄድ በፊልም እንዲያይ ነው ሐሳቡ። በየዓመቱ አንዱ አገር ያስተናግዳል፤ ዘንድሮ ተራው የአዲስ አበባ ነበር። የየካ ክፍለ ከተማ ልጆች ከኖርዌይ፣ ከኬንያ፣ ከሕንድና ከሌሎቹም የመጡትን ያያሉ፤ የየካ ወጣቶች የሠሯት አጭር ፊልም ደግሞ በተራዋ ወደዚያ ትሄዳለች። የቸገረው ቋንቋው ነው። ከፊልሙ ግርጌ የሚጻፈውን ትርጉም የሰባት ዓመት ልጅ አንብቦ አይደርስበትም። ስለዚህ አንድ ሰው ከአዳራሹ ጀርባ ተቀምጦ በፊልሙ ፍጥነት የሁሉንም ሰው ንግግር በአማርኛ ማንበብ አለበት።

"ውጭም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ላይቭ ነው የሚነበበው። አንዳንድ ቦታ እንዲያውም አንባቢው መስታወት ቤት ውስጥ ይቀመጣል" አለቻት ሔራን።

"መስታወት ቤት?" ዘርትሁን ዝናቡን ረሳችው። "እኔ እኮ የፈረንጅ አገር ሥራ ነው ስሠራ የኖርኩት!"

የፊልሙ ሳምንት አስተባባሪ አቶ እንድርያስ በዚህ አልተደሰተም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የአምስት አገር እንግዳ ትከሻው ላይ ያለ ሰው ስለሆነ ነው። በሬዲዮ ድራማ ስሙ የታወቀ አንድ ተዋናይ አስቦ ነበር። ሔራን ለመነችው፣ ተከራከረችው፣ በመጨረሻ አኮረፈችው፤ ያኔ ሙከራ ይደረግ አለ። ሲግናል ባለው የወጣቶች ማዕከል፣ ዳኛ ሆነው ፊልሞቹን እንዲመዝኑ በተመረጡ አርባ ልጆች ፊት ዘርትሁን የኖርዌዩን ፊልም ታነባለች።

"ሙከራው ካማረ መክፈቻውንም ሳምንቱንም እርስዎ ያነባሉ ወይዘሮ ዘርትሁን" አላት። "ካላማረ ተዋናዩ ያነባል። እንዳይቀየሙን።"

ዘርትሁን ከልጆቿ ሰርግ ወዲህ እንዲህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር የለም። ጽሑፉን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጓዳዋ ውስጥ አነበነበችው። ፊልሙን የሠራችው ካሪን የምትባል ሴት ናት። ታሪኩ ሊና ስለምትባል፣ ደሴት ላይ ስለምትኖር የስምንት ዓመት ልጅ ነው። መርከበኛው አባቷ ለልደቷ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። እሷም ከጠዋት ጀምራ ወደቡ ላይ ትጠብቀዋለች። ጀልባ ይመጣል፣ እሱ የለም። ሌላ ይመጣል፣ የለም። መጨረሻው ላይ ምንም ቃል የማይነገርበት ረጅም ቦታ አለ፤ በረዶው፣ ባሕሩና ልጅቷ ብቻ። የዘርትሁን ወረቀት እዚያ ላይ "ዝምታ፣ ሰባት ደቂቃ" ይላል። ከዚያ የመርከቡ መብራት ይታያል፣ አባትየው ይወርዳል፣ ልጅቷም ትናገራለች። ዘርትሁን ይህን ስታነብ ይቺ ካሪን የተባለች ሴትዮ ላምበረት መጥታ የተቀመጠች መሰላት።

በሙከራው ቀን አነበበች ብቻ ማለት ያንሳል። ልጅቷን ሆነች፣ አባቷን ሆነች፣ የወደቡን አኩራፊ ባለሱቅ ሆነች። ልጆቹ ፈንዲሻውን እጃቸው ላይ ረሱት። ሔራን ጥግ ቆማ አቶ እንድርያስን በአሸናፊነት አየችው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ዝምታው መጣ። ዘርትሁንም ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳደረገችው አውራ ጣቷን ከማይክሮፎኑ አንገት ላይ አነሳች።

ያ ማይክሮፎን ግን ቁልፍ የለውም። ጣቷ ስትጫን የቆየችው ባዶ ብረት ነው። የድምፅ ባለሙያው ፍሮምሳ ማይክሮፎኑን ጠዋት ከፍቶታል፤ እስኪያልቅ አይዘጋውም። ይህን ሊነግራት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ማን ያስባል? ስለዚህ ጨዋዋ ዘርትሁን ዝም ስትል ሁለተኛዋ ዘርትሁን በአራት ድምፅ ማጉያ ወጣች።

"ውይ፣ የኔ ልጅ! ይሄን ሁሉ ሰዓት ብቻሽን? ግቢ እንጂ፣ ይበርድሻል! ያ ባለሱቅስ ምን ያፈጥባታል፣ ሻይ አይሰጣትም? ልብ የለውም!" ከዚያ ድምፅዋ ሰበር አለ። "አይዞሽ የኔ እናት። ዘግይቷል እንጂ አልቀረም።"

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን አበሰች፤ አፍንጫዋን ስትስብ እንኳ አዳራሹ ሰማ። አቶ እንድርያስ በወንበሮቹ መሃል ጎንበስ ብሎ እየሮጠ እጁን አወናጨፈላት። እሱም ፊልሙ ነክቶት መስሏት እጇን አውለበለበችለት።

ፊልሙ ሲያልቅ ነገሯት። "እንዴት ክፍት ይሆናል? ጣቴን አንስቼ!" አለች፤ ማይክሮፎኑን አገላብጣ ቁልፍ ፈለገች፤ አጣች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ያን ቀን እስከ ቤቷ በእግሯ ሄደች፣ ለማንም ሰላም ሳትል፤ ዘርትሁን ሰላም ሳትል ስታልፍ ያየ የሲግናል ሰው የሞት መርዶ መጣ ብሎ ደነገጠ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ልጆቹ ግን ዳኞች ናቸው፤ ከፊልሙ በኋላ ወረቀት ይሞላሉ። "ከፊልሙ ሰዎች ማንን ወደዳችሁ?" ለሚለው ጥያቄ ከአርባው ሠላሳ ሦስቱ "የሊናን እናት" ብለው ጻፉ። ማዕዶት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ ከሥሩ ጨመረችበት፦ "እናቷ ለምን አትታይም? ድምፅዋ ብቻ ነው ያለው። ሞታ ነው ከሰማይ የምታወራት?"

በፊልሙ ውስጥ እናት የለችም።

የልጆቹን አስተያየት ተርጉሞ ፊልሙን ለሠራው ሰው መላክ የኅብረቱ ደንብ ነው። ሔራን አንዷንም ሳትደብቅ ላከችው። በሦስተኛው ቀን የካሪን መልስ መጣ። "በፊልሜ ውስጥ እናት የለችም፤ ይቺ እናት ማን ናት?" ሔራን እውነቱን ጻፈችላት። ሁለተኛው መልስ አጠር ያለ ነበር፦ ያ ሰባት ደቂቃ የፊልሙ ልብ ነው፣ አሳጥሪው ሲሏት ከሁሉም ተጣልታ ያቆየችው ነው፣ ለመክፈቻው ራሷ ትመጣለች፣ እባካችሁ ዝምታው ዝምታ ይሁን።

"አበቃ" አለ አቶ እንድርያስ። "ለተዋናዩ እደውላለሁ።"

ዘርትሁን ይህን ስትሰማ ጋቢዋን ደርባ ቢሮው መጣች። ታለቅስ ይሆናል ብለው ነበር። አላለቀሰችም።

"አጥፍቻለሁ" አለች ቆማ። "የሰው ፊልም አበላሽቻለሁ፤ ሴትየዋ ልክ ናት። ያን ዝምታ እኔም ወድጄዋለሁ እኮ፤ ባልወደው መቼ እንደዚያ ያደርገኝ ነበር? አሁን ዝም እላለሁ ብዬ ብምልልዎ ግን ውሸት ነው፣ አፌን አውቀዋለሁ። ቁልፍ ይስጡኝ።"

"ምን ዓይነት ቁልፍ?"

"የምጫነው። እንደ ላምበረቱ። ስጫን የሚሰማ፣ ስለቅ የሚዘጋ። አፌን ባላምነው ጣቴን አምነዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልከዳኝም።"

አቶ እንድርያስ መልስ ከመስጠቱ በፊት ፍሮምሳ ከገመዶቹ መሃል ቀና አለ። "እኔ እሠራዋለሁ" አለ። "ማይኩ ክፍት መሆኑን አለመንገሬ የእኔም ጥፋት ነው።" የበር ደወል መጥሪያ አንድ ፈታ፣ ትንሽ ቀይ አምፖል ጨመረ፣ በማግስቱ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠላት። "ቀዩ ሲበራ ክፍት ነው እትዬ። ሲጠፋ እኔንም አቶ እንድርያስንም ቢሰድቡ የሚሰማ የለም።"

"ተው፣ አታሳስተኝ" አለችው፤ ግን ሳቀች።

አቶ እንድርያስ ከሔራን ፊት፣ ከፍሮምሳ አምፖል፣ ከዘርትሁን ቀጥ ያለ አቋቋም ጋር ተፋጦ ተሸነፈ። ቢሆንም ልቡ አላረፈም። "መክፈቻውን ያንብቡ። ከወረቀቱ ውጪ አንዲት ቃል ካፈተለከች ግን ከማግስቱ ጀምሮ ተዋናዩ ነው።"

መክፈቻው ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ እንጦጦ ላይ፣ ዳገቱ መሃል ባለ ትምህርት ቤት። የታች ሰፈር ልጅ ሲኒማ በታክሲ ይደርሳል፣ ቀድሞ ማየት ያለበት የላይኛው ነው ብላ ሔራን ነበረች የወሰነችው። የትምህርት ቤቱ መምህር በዳዳ መስኮቶቹን በብርድ ልብስና በጆንያ ጋርዶ አዳራሹን ጨለማ አድርጎታል። ሦስት መቶ ልጅ እስከ ግድግዳው ሞልቷል። አርባዎቹ ዳኞች ከሲግናል በአውቶቡስ መጥተው በየመሃሉ ገብተዋል፤ ፊልሙን ቀድመው በማየታቸው እየተጀነኑ ለየጎረቤታቸው ያወራሉ። የእንጦጦ ብርድ በጠዋቱ ያንዘፈዝፋል፤ ካሪን ራሷ ከኖርዌይ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ካፖርቷን ሰብስባ ተቀምጣለች። ዘርትሁን ከኋላ፣ ጠረጴዛዋ ላይ፣ መነጽሯን አድርጋለች።

አነበበች። ቀዩ አምፖል ይበራል፣ ይጠፋል። ልጆቹ ሳቁ፣ ባለሱቁን ጠሉት፣ አባትየውን ናፈቁት። ካሪን አማርኛ አትሰማም፤ ግን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብላ ያቺን ድምፅ ከየት እንደምትመጣ ስትፈልግ ሔራን አይታታለች።

ገጹ ሲገለጥ "ዝምታ፣ ሰባት ደቂቃ" አለ። ዘርትሁን አውራ ጣቷን አነሳች። አምፖሉ ጠፋ። ማይክሮፎኑ ተዘግቷል፤ እንደ ልቧ ብታወራ የሚሰማት የለም። እሷ ግን ያን ቀን በማሽን ብቻ መታመን አልፈለገችም፤ የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ በጥርሷ ነከሰችው።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ሦስት መቶ ልጅ ያለበት አዳራሽ እንደዚያ ጸጥ ሲል መምህር በዳዳ በዕድሜው አላየም። በረዶው ሊና ትከሻ ላይ ይወርዳል። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት። ካሪን እጆቿን አጣምራ አንገቷን ደፍታለች። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ልጅቷ ጣቶቿን አፏ ውስጥ አድርጋ ስታሞቅ፣ ከመሃል አካባቢ አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች።

"ግቢ እንጂ፣ ይበርድሻል።"

ማዕዶት ናት። ከቀኝ ጥግ ሌላ ዳኛ "ይበርድሻል!" አለ። ብርዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት የእንጦጦ ልጆች ዝም ብለው ሊያዩ አልቻሉም፤ "ግቢ! ኧረ ግቢ!" አሉ። ከዚያ አርባዎቹ፣ የሚያውቁትን ለማያውቁት እያቀበሉ፣ እንደ ተማከረ ሰው አንድ ላይ ወደ ቀጣዩ የዘርትሁን ቃል ተሻገሩ፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ሦስት መቶው ሁሉ ገባበት።

"አይዞሽ! ዘግይቷል እንጂ አልቀረም! ዘግይቷል እንጂ አልቀረም!"

አቶ እንድርያስ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ወደ ኋላ ሮጠ። ደርሶ አፉን ሊከፍት ሲል ዘርትሁን ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ነጠላዋን እንደ ነከሰች፣ በዓይኗ አምፖሉን አሳየችው። ጠፍቷል። እንባዋ በመነጽሯ ሥር እየወረደ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ትናገራለች፣ ሕዝብ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ያን ቀን እሷ ዝም አለችና ቃሏ ከሦስት መቶ አፍ ወደ እሷ ተመለሰ። ኮራች፤ እንዲህ ኮርታ አታውቅም። አቶ እንድርያስ አምፖሉን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና የምታነበውን ቀጣይ መስመር በጣቱ ይዞ አሳያት።

ፊት ወንበር ላይ ሔራን የልጆቹን ቃል በካሪን ጆሮ ተረጎመችላት። ካሪን ዝምታዬ ብላ አልተቆጣችም። ለአምስት ደቂቃ ተጠብቆላት ነበር፤ የቀረውን የወሰዱት ደግሞ የሠራችላቸው ልጆች ናቸው። ዞር ብላ እጆቿን ወደ ላይ የዘረጋችውን ሴት ለረጅም ጊዜ አየቻት። "የነገውንም የምታነበው እሷ ናት አይደል?" ብላ ጠየቀች፤ ይህን ሔራን ለሲግናል ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ትናገረዋለች።

በሸራው ላይ ከጭጋጉ ውስጥ የመርከቡ መብራት ብቅ አለ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፤ ወንበር ላይ የወጣ አለ፣ ጎረቤቱን ያቀፈ አለ። አባትየው ወረደ። ሊና አፏን ልትከፍት ነው። ዘርትሁን ነጠላዋን ከአፏ አወጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ቁልፏን ተጫነች፤ ቀዩ በራ። አዳራሹም ያንን ድምፅ ለመስማት በአንዴ ጸጥ አለ። እሷም ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ አነበበችላቸው።

"አባዬ፣ ዘገየህ።"